የፍሳሽ ዝቃጭን በእርሻ መሬት ላይ ለመበተን የሚጠየቅ ፈቃድ

ከከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ የሚወጣው ዝቃጭ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ስለሚገኝበት፣ ድርቅ ላደከመው አፈር ጥሩ ማዳበሪያ ሊሆን እንደሚችል የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ዝቃጩ የበሽታ ተሕዋስያንን፣ የወስፋት እንቁላልን፣ እንዲሁም እንደ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን አብሮ ሊይዝ ይችላል። ደርቆና ሽታው ጠፍቶ መታየቱ ከጉዳት ነፃ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ፈቃድና ቁጥጥር ያስፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የዩናይትድ ስቴትስ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ደንብ ነው። ደንቡ ዝቃጩን በሁለት ደረጃ ይከፍለዋል። የ«ሀ» ደረጃ የሚሰጠው ተሕዋስያኑ እጅግ እንዲቀንሱ ለተደረገው ዝቃጭ ነው። በ«ለ» ደረጃ የተመደበው ግን ተሕዋስያን ጨርሰው ስለማይጠፉለት የመሬቱ አጠቃቀም ይገደባል፤ ይኸውም፦

1ኛ/ እስከ 30 ቀን ድረስ ከብት በመሬቱ ላይ አይሰማራም፤ መኖም አይታጨድበትም።

2ኛ/ ከመሬት በላይ አፍርቶ ዝቃጩን የሚነካ የምግብ ሰብል ከ14 ወር በፊት አይሰበሰብም።

3ኛ/ እንደ ድንችና ካሮት ከመሬት በታች የሚያፈራ ሰብል፣ ዝቃጩ ከአፈር ጋር ከመቀላቀሉ በፊት 4 ወር ወይም ከዚያ በላይ በመሬቱ ገጽ ላይ ከቆየ 20 ወር፣ ካልቆየ ደግሞ 38 ወር ይጠበቅበታል። ልዩነቱ የመጣው ፀሐይና ድርቀት የሚገድሉት የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ሲቀበር ዕድሜው ስለሚረዝም ነው።

ከዚህም ሌላ በአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ዝቃጭ ውስጥ ያለው ካድሚየም ከ85፣ እርሳስ ከ840 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። የሚበተነውም መጠን ሰብሉ ከሚያስፈልገው ናይትሮጅን ጋር መመጣጠን አለበት። ብዙ ግዛቶች በዚህ ላይ የየራሳቸውን ፈቃድ ይጠይቃሉ። ሆኖም የፌዴራሉ ደንብ የፈቃድ ወረቀት ያልያዘውንም ጭምር ስለሚያስገድድ «ፈቃድ አልተጠየቅሁም» ማለት ከኃላፊነት አያድንም።

በሠፈራና በመጠለያ ጣቢያዎች የሚገጥመው በአብዛኛው ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚወጣ ዝቃጭ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ይህ ዓይነቱ ዝቃጭ ከ20 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ሥፍራ ከአንድ ዓመት በላይ፣ ከዚያ በሚቀዘቅዝ ሥፍራ ደግሞ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተከማችቶ መቆየት ይኖርበታል።

የተራበ ሠፋሪ የደረሰ ሰብሉን ትቶ ወራት እንዲጠብቅ ማድረግ አይቻልም። ስለሆነም የዝቃጩ ምንነት፣ የሚበተንበት መሬትና የሚዘራው ሰብል ተመርምሮ ውሳኔ የሚሰጠው ከመኸር በኋላ ሳይሆን፣ ዝቃጩ ገና ከጉድጓዱ ሳይወጣ መሆን ይገባዋል።