ሳይቃጠል በቅጠል፦ ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ባለሙያዎች አደጋና ዋስትና

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የሥራ ቦታ ጤና ኬላው ብቻ አይደለም። የክትባት መያዣዋን በትከሻዋ አንግታ ወንዝ ትሻገራለች፤ ዳገት ትወጣለች፤ ውሻ የሚጠብቀውን ግቢ ከፍታ ትገባለች። ነፍሰ ጡሯን ትከታተላለች፤ ሕፃኑን ትከትባለች፤ የመጸዳጃ ቤቱን ንጽሕና ትመለከታለች። በዚህ ሁሉ መካከል እግሯ ቢሰበር፣ ውሻ ቢነክሳት ወይም መርፌ ቢወጋት የሕክምና ወጪዋን ማን ይሸፍናል? ደመወዟስ ይቀጥላል? ብዙ ጊዜ ጥያቄው የሚነሣው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። መልሱ ግን አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በገጠር በአንድ ቀበሌ በአብዛኛው ሁለት ባለሙያዎች ተመድበው በአማካይ ወደ 5 ሺህ ለሚጠጋ ሕዝብ አገልግሎት እንዲሰጡ ታስቦ የተዘረጋ ሲሆን፣ በኋላም ወደ አርብቶ አደር አካባቢዎችና ወደ ከተሞች ተስፋፍቷል። የመርሐ ግብሩ መሠረት ሕዝቡ ወደ ጤና ተቋም እስኪመጣ መጠበቅ ሳይሆን ባለሙያዋ ወደ ሕዝቡ መሄዷ ነው። የአገልግሎቱ ጥንካሬም፣ የባለሙያዋ ተጋላጭነትም ከዚሁ ይመነጫል።

አደጋውን አስቀድሞ መቀነስ

ዋስትና ጉዳትን ይክሳል እንጂ አያስቀርም። ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ አደጋውን መከላከል ነው። ወደ ጎጥ የምትወጣ ባለሙያ የምትሄድበትን መንደር፣ የምትጠቀምበትን መንገድና የምትመለስበትን ሰዓት በጤና ኬላው ጽፋ ብትተው፣ ብትዘገይ የት እንደምትፈለግ ይታወቃል። ሩቅና ጭር ወዳሉ ሥፍራዎች ሁለት ሆኖ መሄድ ይመረጣል።

በሐምሌና በነሐሴ ወንዞች በድንገት ይሞላሉ። ከጉልበት ያልበለጠ ውኃም ቢሆን ፍጥነት ካለው አዋቂን ሰው ይጥላል። የደፈረሰ ወንዝ እስኪጎድል መጠበቅ ወይም ቀጠሮውን ማዛወር ሥራን መበደል አይደለም። መብረቅ በሚበዛበት ሰዓትም ከዛፍ ሥር መጠለል አይገባም።

የውሻ ንክሻ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ገዳይ ነው። በመሆኑም የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይውል ሳያድር ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። እባብ የነደፈው ሰው ደግሞ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳያንቀሳቅስ በሰው እርዳታ ወደ ሕክምና መድረስ ይኖርበታል፤ ቁስሉን መብጣት፣ በአፍ መምጠጥም ሆነ አጥብቆ ማሰር ጉዳቱን ያባብሳል።

ከሁሉም በላይ ሳይታይ የሚያልፈው የመርፌ ውጊያ ነው። ያገለገለን መርፌ መልሶ አለመክደንና ወዲያውኑ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ መጣል ዋነኛው መከላከያ ነው። ውጊያው ከደረሰ ቦታውን በውኃና በሳሙና ማጠብ ይገባል። ለኤችአይቪ ተጋላጭነት የሚሰጠው የመከላከያ መድኃኒትም በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ግን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የሚወሰደውም ለ28 ቀናት ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባትን አስቀድሞ ማጠናቀቅም ሌላው ጥበቃ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ምክንያት ለሚደርስበት ጉዳት በሕግ ጥበቃ አለው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ስለ ሥራ ላይ ጉዳት፣ ስለ ሕክምናና ስለ ጉዳት ፈቃድ የሚደነግግ ሲሆን፣ ክልሎችም የየራሳቸው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ አላቸው። የእነዚህ ሕጎች መሠረተ ሐሳብ በሥራው ምክንያት የተጎዳ ሠራተኛ እንዲታከምና እስኪድን ድረስ ደመወዙ እንዳይቋረጥ ማድረግ ነው። ጉዳት ሲባልም ድንገተኛ አደጋ ብቻ ሳይሆን ከሥራው ጠባይ የሚመጣ በሽታንም ይጨምራል።

ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ የጡረታ ሕጉ ይከተላል። በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ። ይህ መዋጮ ለእርጅና ዘመን ብቻ የሚቀመጥ አይደለም፤ በሥራ ላይ ጉዳት የመሥራት ችሎታውን ላጣ ሠራተኛና ሕይወቱ ላለፈ ሠራተኛ ተተኪዎችም ዋስትና ነው። የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው።

በግል ተቋማትና መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች ተቀጥረው ቤት ለቤት የሚሠሩ ባለሙያዎችን የሚመለከታቸው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዚህ አዋጅ፣ ሠራተኛው የአሠሪውን ትእዛዝ ሲፈጽም ከመደበኛ የሥራ ቦታው ወይም ሰዓቱ ውጭ የሚደርስበት ጉዳትም የሥራ ጉዳት ነው። ሆኖም በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ በሥራ ላይ በመገኘት ራሱን ለጉዳት የዳረገ ሠራተኛ ይህን መብት ሊያጣ ይችላል።

የጤና መድንና የጉዳት ዋስትና አንድ አይደሉም

በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ደረጃ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ መደበኛ ባልሆነው ዘርፍ ለተሠማሩ እንደ አርሶ አደሮች ላሉ ዜጎች የተዘጋጀ ነው። መድኑ የሕክምና ወጪን ይሸፍናል እንጂ በጉዳት ምክንያት የተቋረጠን ገቢ አይተካም።

ይህ ልዩነት በተለይ ባለሙያዋን ያለ ክፍያ ለሚያግዙ የሴቶች ልማት ቡድን አባላት ወሳኝ ነው። እነዚህ እናቶች በፈቃደኝነት የሚያገለግሉ እንጂ ተቀጣሪ ስላልሆኑ፣ ለሠራተኛ የተደነገገው የጉዳት ካሳ አይደርሳቸውም። ስለዚህ የቤተሰባቸውን የጤና መድን አባልነት በየዓመቱ ማደስ የመጀመሪያው ጥበቃቸው ነው። በጎ ፈቃደኞችን የሚያሠማሩ ድርጅቶችም ከመድን ኩባንያዎች የቡድን የግል አደጋ መድን ሊገዙላቸው ይችላሉ። ይህ ዓይነቱ መድን ለሞት፣ ለአካል ጉዳትና እንደ ውሉ ለሕክምና ወጪ ክፍያ ይሰጣል።

በሞተር ብስክሌት ለሚጓዙ ባለሙያዎች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ግዴታ ነው። ነገር ግን ስሙ እንደሚያመለክተው ይህ መድን የሚጠብቀው ሌላውን ሰው ነው፤ አሽከርካሪው ራሱ ሦስተኛ ወገን አይደለም። ስለዚህ የራስ ቁር ማድረግና ለአሽከርካሪው የተለየ የአደጋ መድን መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል።

ያልተመዘገበ ጉዳት

ዋስትና በሕግ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ባለሙያዋ ጉዳቱን «ትንሽ ነው» ብላ ካለፈችው፣ ከወራት በኋላ ሕመሙ ሲጠና ከሥራዋ ጋር መያያዙን ማስረዳት አስቸጋሪ ይሆናል። ማስረጃው የሚሰበሰበው በዕለቱ ነው፦ ጉዳቱ የደረሰበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፣ በምን ሥራ ላይ እንደነበረች፣ ያየ ሰው ካለ ስሙ፣ እንዲሁም የሐኪም ማስረጃ። ሪፖርቱ ለጤና ጣቢያውና ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይቀርባል፤ አንድ ቅጂም በእጇ ይቀራል። በጤና ኬላው የሚቀመጠው የመስክ ጉዞ ዕቅድ ባለሙያዋ በዚያ ቀን በዚያ መንደር በሥራ ላይ እንደነበረች ያረጋግጣል። ወደ መንደር ከመውጣቷ በፊት የሚጻፈው ያ አንድ መስመር ለደኅንነቷም ለመብቷም ያገለግላል።

የነዋሪው ድርሻ

ከአደጋዎቹ ብዙዎቹ የሚቀንሱት በነዋሪው እጅ ነው። ውሻን ማሰርና ማስከተብ፣ ወንዙ መሙላቱን ደውሎ መንገር፣ ማምሻ ላይ ባለሙያዋን እስከ መንገድ መሸኘት ገንዘብ አይጠይቁም። ሁለት ባለሙያዎች ባሉበት ቀበሌ የአንዷ ጉዳት የቀበሌውን አገልግሎት በግማሽ ይቀንሳል፤ የሕፃኑ የክትባት ቀጠሮ ያልፋል፤ የነፍሰ ጡሯ ክትትል ይጓደላል። የእርሷ ደኅንነት የራስ ቤተሰብ ጤናም ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ውሻው ከመንከሱ በፊት ማሰር፣ ወንዙ ከመውሰዱ በፊት መጠበቅ፣ ጉዳቱ ከመረሳቱ በፊት መመዝገብ ይበጃል።