ቀዩ ክሬይፊሽና ነጭ አባይ

ሱዳን ውስጥ በነጭ አባይ ዳር ባለችው ካላክላ ሳለሁ የተዋወቅኋቸው ልጆች ሰሞኑን በቴሌግራም ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «ክሬይፊሽ ትርፍ አለው ይላሉ፤ አገር ቤት ወስደን ብናረባውስ?» እባካችሁ ተዉት።

ክሬይፊሽ በወንዝና በሐይቅ የሚኖር የሎብስተር ዘመድ ነው። በዓለም ከ600 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ሲሶ ያህሉ የመጥፋት ስጋት አለባቸው። በአፍሪካ ዋና ምድር በተፈጥሮ የኖረ ግን አንድም የለም። ከአፍሪካ የራሷ ዝርያዎች ያሏት ማዳጋስካር ብቻ ናት፤ እነሱንም የደን ምንጠራና ለምግብ መልቀም እየጎዳቸው ነው። የአባይ ነባሩ ሸርጣን ነው።

ልጆቹ የሰሙት ስለ ቀዩ ክሬይፊሽ ነው። መነሻው የአሜሪካዋ ሉዊዚያናና አካባቢዋ እስከ ሰሜን ምሥራቅ ሜክሲኮ ድረስ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰዎች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ አመጡት፤ በ1970 ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ተለቀቀ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግብፅ ገብቶ በአባይና በመስኖ ቦዮች ተዛመተ። ከገባባቸው አገሮች ጋር የሱዳንም ስም ይነሳል። በዓለም አቀፉ የዝርያዎች መዝገብ «የመጥፋት ስጋት የሌለበት» ተብሏል። እውነት ነው፣ ለእሱ አያሰጋም፤ የሚያሰጋው አብረውት ለሚኖሩት ነው።

የሚወደው ረጋ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ሣር የበዛበት ውሃ ነው። የካላክላን ዳርቻ የሚያውቅ ወዲያው ይገባዋል። ነጭ አባይ እዚያ ሰፊና ዘገምተኛ ነው፤ በክረምት ደግሞ የጥቁር አባይ ሙላት ወደ ኋላ ይገፋዋል። ውሃው ቢሸሽ እንኳ ክሬይፊሹ ጭቃው ውስጥ ጉድጓድ ምሶ ይቆያል፤ ሌሊት በየብስ ተጉዞ ሌላ ውሃ ይፈልጋል። እናቲቱ በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል በጅራቷ ሥር ትሸከማለች። ጉድጓዱ የቦይ ግድግዳ ይበሳል፣ ይንዳል። የሱዳንን የገዚራ መስኖ ቦዮች አስቡ! ናይቫሻ ላይ ደግሞ የውሃ ውስጥ ዕፅዋቱን ክፉኛ አራቁቷል።

አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ አልደብቅም። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ይበላል፤ በኬንያ የተደረገ ጥናትም እሱ ባለበት በሽታው እንደሚቀንስ አሳይቷል። ግን አንዴ የተለቀቀን ክሬይፊሽ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም። የእምቦጭ አረምን አይተናል፤ በ1958 (እ.ኤ.አ.) በሱዳን ነጭ አባይ ላይ ታየ፣ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ጣና ላይ ተመዘገበ፣ እስካሁንም እየታገልነው ነው። ጣና በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ10 በላይ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉት። የዓሣ እንቁላል የሚበላ እንግዳ እዚያ መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስቡት።

በመረብ ከያዛችሁት በሕይወት ወደ ውሃ አትመልሱት፣ ወደ ሌላ ቦታም አታጓጉዙት። ፎቶ አንሱና በአቅራቢያችሁ ላለ የዓሣ ሀብት ቢሮ አሳዩ፤ የያዛችሁበትንም ቦታ ንገሯቸው።