ደርቋል አትበሉኝ

የጋራዡ ባለቤት በር ላይ ተቀበሉኝና ሰላምታ እንኳን ሳንጨርስ «ኮንታክት ነው አይደል፣ ኢንጂነር?» አሉኝ። የፎርኖው፣ የመኪና ቀለም መንፊያው ክፍል፣ የጭስ ማውጫ ቱቦ ከጣሪያው በላይ በእሳት ጠቁሮ ተጣሟል። እንደ እሳቸው አባባል በዚያ ጠዋት አንድም መኪና አልተነፋም፣ ተነሩ መጋዘን ተቆልፎበታል፣ ኮምፕረሰሩም አልተነሳም። የሚነድ ነገር ከሌለ ታዲያ ከኮንታክት ሌላ ምን ሊሆን ነው? ባትላሜራው ግን ቆይቶ ወደ ጎን ወሰደኝና የላላ ማቀፊያ ለማጥበቅ ቱቦው ላይ ሁለት ነጥብ መበየዱን ነገረኝ። «ጋሼ፣ ውስጡ እኮ ደረቅ ቀለም ብቻ ነው» አለ።

እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ የልጁ ብየዳ አይደለም። ከስምንት ወር በፊት ለፍተሻ መጥቼ ያንኑ ቱቦ በእጅ ባትሪ አይቼዋለሁ። የጣት ውፍረት ያለው ቅርፊት ነበረበት። «ደርቋል» ሲሉኝ ዝም አልኩና ሪፖርቴ ላይ «ፊልትሮ ይቀየር» ብቻ ጽፌ ወጣሁ።

ማገዶ ሲደርቅ እንደሚነድ የማያውቅ ሰው በዚህ አገር የለም። ነገሩ ቀለም ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ተነርን ብቻ ይፈራል። ተነር መፈራቱ ተገቢ ነው፤ ግን ተኖ ሲሄድ የሚቀረው ሙጫውም ነዳጅ ነው። አንድ ፎርማን ይህን አላምን ብሎ የተቀባ የመኪና በር ላይ ላይተር አስጠጋና «ይኸው፣ የታለ?» አለኝ። የበሩ ቀለም በእርግጥ አልነደደም። ስስ ሽፋን ስለሆነ ሙቀቱን ከኋላው ያለው ላሜራ ይጠጣዋል። ቱቦ ውስጥ ያለው ግን መኪናውን ስቶ ያለፈ፣ አየር ላይ እንዳለ ደርቆ ዱቄት የሆነ፣ በየቀኑ የተደራረበ ቀለም ነው። በመሃሉ አየር አለ። ከእሱ አንድ ማንኪያ ያህል አካፋ ላይ አድርጌ ግቢ መሃል ክብሪት ጫርኩበት። ፎርማኑ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ ላይተሩንም ኪሱ ከተተ።

የእንጨት ሥራ ቤቶች ጉዳይ ይብሳል። ለቁም ሣጥንና ለወንበር ከሚነፋው ላከር ውስጥ ናይትሮሴሉሎስ ያለበት አለ፤ ጥጥ ወይም የእንጨት ቃጫ በናይትሪክ አሲድ ታሽቶ የሚወጣ፣ የጭስ አልባ ባሩድ የቅርብ ዘመድ። ኦክስጅኑን በውስጡ ይዞ ስለሚዞር አፍኖ ማጥፋት አስቸጋሪ ነው። በነሐሴ 2007 ዓ.ም. በቻይናዋ ቲያንጂን ወደብ በደረሰው ፍንዳታ 165 ሰዎች ሞተው 8ቱ ደብዛቸው ጠፍቷል። ትልቁን ፍንዳታ ያመጣው አሞኒየም ናይትሬት ቢሆንም፣ የአገሩ መንግሥት ምርመራ እሳቱ የተነሳው ማርጠቢያው ተኖ ከደረቀ ናይትሮሴሉሎስ ነው ብሎ ደምድሟል። ይህ ቁስ እርጥብ ሳለ ጨዋ ነው፤ የሚያምጸው ሲደርቅ ነው።

የዘይት ቀለም ደግሞ ሲደርቅ ራሱ ይሞቃል። ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ነው የሚጠነክረው፣ በዚያው ሙቀት ያወጣል። ግድግዳ ላይ ሙቀቱ ይበተናል፤ በተጠቀለለ ጨርቅ ወይም በተቆለለ አሮጌ ፊልትሮ ውስጥ ግን መውጫ ያጣል። በፈረንጆቹ 1991 ፊላደልፊያ ውስጥ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የተባለውን ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ ያቃጠለውና ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን የገደለው እሳት ከምን ተነሳ? እንጨት ሲያድሱ የዋሉ ሠራተኞች ትተውት ከሄዱት የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ። ክብሪት የጫረ አልነበረም። የናይትሮሴሉሎስ ላከርም የዘይት ቀለምም በአንድ ክፍል እያፈራረቁ ነፍተው መሃል ላይ የማያጸዱ ሰዎች አንዱ ሞቆ ሌላውን እንዲለኩስ እያመቻቹ ነው።

የዱቄት ቀለም፣ ፓውደር፣ የሚነፉትም «እኛ ተነር የለንም» እያሉ አይኩራሩብኝ። ፓውደሩ እቃው ላይ የሚጣበቀው በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ቮልት ተሞልቶ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ኧርዝ የሚወርደው ደግሞ እቃው በተሰቀለበት መንጠቆ ነው። መንጠቆው በተጋገረ ቀለም ሲሸፈን መንገዱ ይዘጋል፤ እቃው ኤሌክትሪኩን አጠራቅሞ ኧርዝ ያለው ነገር ሲጠጋው ብልጭ ይላል፣ ያውም የፓውደር ደመና መሃል። መንጠቆ የሚፈቀፈቀው እቃው እንዲያምር ነው ብሎ የሚያስብ የምርት ኃላፊ ስንቱን አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ ቀለም መፋቅ «ጽዳት» በሚባል ስም ስለሚጠራ ሥራው ለማን ይሰጣል? ትናንት ለተቀጠረው፣ ደሞዙ ከሁሉ ለሚያንሰው ልጅ። የብረት መፋቂያ ይይዝና ብረት በብረት ይፍቃል፤ ሲቸኩል ግራይንደር ያነሳል። የፋቀውን በጆንያ አጭቆ ጥግ ያስቀምጣል፣ ቅዳሜ ይጣል ይባላል። መፋቂያው ፍንጣሪ የማያወጣ፣ የነሐስ ወይም የእንጨት ይሁን። የተፋቀውም አሮጌው ፊልትሮም ውሃ ባለበት የብረት በርሜል ገብቶ በዚያው ዕለት ከግቢ ይውጣ። ቱቦ ሳይጠረግ ብየዳ አይነካው። ይህን ስል «ወጪ ነው» ይሉኛል፤ እነዚሁ ሰዎች ግን የእሳት ማጥፊያ ገዝተው በር ላይ ሰቅለዋል። ማገዶው ጣሪያ ላይ ነው የተከመረው።

የፍተሻ ቅጼን ቀይሬዋለሁ። ድሮ «ንጹሕ ነው» እና «ንጹሕ አይደለም» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች ነበሩት፤ በሁለተኛው ላይ ምልክት ባደረግሁ ቁጥር ክርክር ነበር። አሁን መለኪያ ይዤ ቱቦው ውስጥ እገባና የቅርፊቱን ውፍረት በሚሊሜትር እጽፋለሁ፣ ከጎኑም ባለቤቱን አስፈርማለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ከመፈረሙ በፊት ብዕሩን ይዞ ቆየና ጠየቀኝ፦ «ግን ደርቋል አይደል?»