ከእንቅልፍ የማይነቃ ኮምፒውተር፦ ማስረጃው ሳይጠፋ መንሥኤውን ስለ መለየት

ተኝቶ ያደረ ኮምፒውተር ጠዋት ሲቀሰቀስ ማሳያው እንደ ጨለመ ቢቀር፣ አብዛኛው ተጠቃሚ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ ያጠፋውና እንደገና ያስነሣዋል። መሣሪያውም ብዙ ጊዜ እንደ ወትሮው ይነሣል። በዚህ አንድ እርምጃ ግን ሁለት ነገሮች አብረው ይጠፋሉ፤ አንደኛው በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ብቻ የነበረው ያልተቀመጠ ሥራ ሲሆን፣ ሁለተኛው እክሉ በየትኛው እርከን ላይ እንደ ደረሰ የሚጠቁመው ምልክት ነው። ለቀናት ሲካሄድ የቆየ ስሌት ተገትቶ የሚገኝበት የምርምር ኮምፒውተር ከሆነ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ስለሆነም ቁልፉ ከመጫኑ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው፣ መንቃቱ የት ላይ እንደ ቆመ ነው።

የእንቅልፍ ደረጃዎች የተደነገጉት ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1996 በጋራ ባወጡት ኤሲፒአይ በተባለ መስፈርት ነው። በዚህ መስፈርት ኤስ3 በሚባለው ደረጃ የፕሮሰሰሩና የአብዛኞቹ ክፍሎች ኃይል ተቋርጦ ማኅደረ ትውስታው ጥቂት ኃይል እያገኘ ይቆያል። የዲራም ሕዋሶች መረጃን የሚይዙት ቀስ በቀስ በሚፈስ የኤሌክትሪክ ሙሌት ነውና፣ በመደበኛው አሠራር በየ64 ሚሊሰከንዱ ካልታደሱ ይዘታቸው አስተማማኝ አይሆንም። ቀስቃሽ ምልክት ሲደርስ ቀድሞ የሚነሣው ፈርምዌሩ ነው። እርሱም የማኅደረ ትውስታውን ይዘት ሳይነካ መቆጣጠሪያዎቹን ካሰናዳ በኋላ፣ ስርዓተ ክወናው ከመተኛቱ በፊት ወደ ተወለት አድራሻ ያልፋል። ከዚያ ስርዓተ ክወናው የፕሮሰሰሩን ሁኔታ ይመልሳል፤ ድራይቨሮችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ክፍል ያነቃሉ። ከእነዚህ እርከኖች በማናቸውም ላይ የሚደርስ እክል ለተመልካቹ የሚታየው በአንድ መልክ፣ በጨለማ ማሳያ ነው። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ኤስ3ን ትተው ፕሮሰሰሩን ሳያጠፉ በጥልቅ ዕረፍት ያቆዩታል፤ በእነዚህ ላይ የፈርምዌሩ ድርሻ ሲቀንስ የድራይቨሮች ኃላፊነት ይከብዳል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምርመራ መሣሪያው በእርግጥ ሞቶ እንደሆነ ወይም ማሳያው ብቻ እንዳልበራ መለየት ነው። የካፕስ ሎክ ቁልፍ ሲጫን መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ስርዓተ ክወናው ነቅቷል። መብራቱ አለመለወጡ ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ኪቦርዱ ራሱ ያልነቃ ሊሆን ይችላልና። ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ ጥሪ ተልኮ መልስ ከተገኘ ጥርጣሬው ይወገዳል። የርቀት መግቢያ አገልግሎት አስቀድሞ ተከፍቶ ከነበረም ውጤቱን በዚያ በኩል ገልብጦ ማዳን ይቻላል። በዊንዶውስ የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የቢ ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ የግራፊክስ ድራይቨሩ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ክፍት የነበሩ ሰነዶች አይዘጉም። ይህ የቁልፎች ጥምረት ከሚገባው በታች የታወቀ ነው።

በኢትዮጵያ ከሌላው ዓለም ይልቅ ሊጤን የሚገባው ሌላ ምክንያት አለ። በዴስክቶፕ ላይ ሌሊት መብራት ቢቋረጥ ማኅደረ ትውስታው ይዘቱን ያጣል፤ ጠዋት የሚታየውም የመንቃት እክል ሳይሆን ተራ መነሣት ነው። ዊንዶውስ በዚህ ጊዜ 41 ቁጥር ያለው መዝገብ ይጽፋል። ብዙዎች ይህን መዝገብ የእክሉ መንሥኤ አድርገው ያነቡታል፤ እርሱ ግን የሚመሰክረው መሣሪያው በአግባቡ ሳይዘጋ እንደገና መነሣቱን ብቻ ነው። ኃይል የተቋረጠበትም ሆነ ቁልፉ በግድ የተጫነበት ኮምፒውተር ያንኑ ቁጥር ያሳያል። ከዚህ ይልቅ ወደ እንቅልፍ መግባቱን የሚያሳየውን 42 ቁጥር ፈልጎ፣ ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ እንደሆነ የሕንፃውን ጥበቃ መጠየቅ የተሻለ ምስክርነት ያስገኛል። ማኅደረ ትውስታውን ከመተኛቱ በፊት በዲስክ ላይም የሚጽፈው ድብልቅ እንቅልፍ ለእንዲህ ዓይነቱ አካባቢ የተስማማ ነው።

መሣሪያው በእርግጥ ሞቶ ከተገኘ ምርመራው ይከብዳል፤ ምክንያቱም እክሉ የሚደርሰው ዲስኩም ማሳያውም ገና ባልነቁበት ጊዜ በመሆኑ መዝገብ የሚጻፍበት ስፍራ የለም። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2006 ለሊኑክስ ያዘጋጀው ፒኤም ትሬስ የተባለ ስልት ለዚህ ችግር የሰጠው መፍትሔ አስገራሚ ነው። ማሽኑ ቢጠፋም በትንሽ ባትሪ መሥራቱን የማያቋርጠው ክፍል ሰዓቱ ነውና፣ ስርዓተ ክወናው እያንዳንዱን የመንቃት እርምጃ የሚወክል አኀዝ በሰዓቱ ላይ እንደ ቀንና እንደ ሰዓት አድርጎ ይጽፋል። ማሽኑ ሲቆም የመጨረሻው አኀዝ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ወዲያው፣ በ3 ደቂቃ ገደማ ውስጥ፣ እንደገና ሲነሣ ሊኑክስ አኀዙን አንብቦ የትኛው ክፍል ሲነቃ እንደ ነበር ይጠቁማል። ዋጋው የተዛባ ቀን ነው፤ ሰዓቱ ካልታረመ በኋላ የሚጻፉ ፋይሎች ሁሉ የተሳሳተ ዕለት ይይዛሉ። ፒኤም ቴስት የተባለው ሌላው ስልት ሙሉ እንቅልፍ ሳይገባ እስከ ተወሰነ እርከን ብቻ ወርዶ፣ 5 ሰከንድ ቆይቶ ይመለሳል። ስለዚህ ከቀላሉ እርከን ተነሥቶ ወደ ጥልቁ በመሄድ እክሉ የሚጀምርበትን መለየት ይቻላል።

ተጠርጣሪው ድራይቨር ሲታወቅ ማደስ፣ ወደ ቀድሞው ዕትም መመለስ ወይም ከእንቅልፍ በፊት ማውረድ የተለመዱ መፍትሔዎች ናቸው። ፈርምዌሩ ከተጠረጠረም ባዮስን ማደስ ይቀድማል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መለወጥ ግን የትኛው እንደ ፈወሰው ይሰውራል። ከሁሉ የሚያሳስተው አልፎ አልፎ የሚከሠት እክል ነው። ከ10 ሙከራ በ1ዱ የሚወድቅ መሣሪያ ምንም ሳይጠገን 20 ጊዜ በተከታታይ የመንቃት ዕድሉ 12 በመቶ ገደማ ነው፤ ዕድሉ ከ5 በመቶ በታች የሚወርደው ሙከራዎቹ ወደ 30 ሲደርሱ ነው። አርቲሲ ዌክ የተባለው የሊኑክስ ትእዛዝ መሣሪያውን አስተኝቶ በተወሰነ ጊዜ ራሱ ስለሚቀሰቅሰው፣ ይህን ያህል ሙከራ ማንም አጠገቡ ሳይቀመጥ በአንድ ሌሊት ማካሄድ ይቻላል።