የግመል ሻኛ ውሃ አይደለም

ከቢሾፍቱ በዱከምና በገላን አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው አሮጌው መንገድ ቃሊቲ ከመድረሱ በፊት አቃቂን ያቋርጣል። በዚህ መንገድ የፊት እግራቸው ታስሮ፣ አይሱዙ ላይ ተንበርክከው፣ አንገታቸውን ከስፖንዳው በላይ አውጥተው የሚሄዱ ግመሎችን ያላየ ጥቂት ነው። አቃቂ ቄራ ከቆላው የሚመጣ ግመል የሚታረድበት ቦታ ነውና።

የእኛ ግመል ባለ አንድ ሻኛ ነው፤ ባለ ሁለቱ የመካከለኛው እስያ ነው። አፋር ጨው ይጭነዋል፣ ሶማሌውና ቦረናው ያልበዋል። እርግዝናው 13 ወር ያህል ስለሚፈጅ መንጋው ቶሎ አይበዛም።

ስሙ ግን ብዙ ቦታ ደርሷል። የግእዙ ፊደል ገ ስሙ ገምል ነው፤ የዕብራይስጡ ጊሜልና የግሪኩ ጋማ ወንድሞቹ ናቸው። የጥንት ግሪኮች ቀጭኔን «ግመል ነብር»፣ ሰጎንን «ድንቢጥ ግመል» ብለው ጠሩ። የሥነ ሕይወት ሊቁ ሊኒየስም እ.ኤ.አ. በ1758 ለሁለቱም በሰጠው ሳይንሳዊ ስም ውስጥ ግመልን አቆየ። ግሪኮቹ በሰጎን አልተሳሳቱም፤ እግሯን ዝቅ ብሎ ያየ ሰው እንደ ግመል ሁለት ጣት ብቻ ያገኛል። አሜሪካኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913 ሲጋራ ሰየሙበት።

ስሙን ይህን ያህል ያወቅነውን እንስሳ ጠባዩን አለማወቃችን ያናድደኛል። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ግመሎቹን ውሃ አጠጥቷቸው እንደሆነ ብጠይቀው «ሻኛቸው ውስጥ ይዘው ነው የሚሄዱት» አለኝ። ተማረ የሚባለውም ሰው ለልጁ የሚነግረው ይህንኑ ነው።

ሻኛው ስብ ነው። ስቡ በሰውነቱ ሁሉ ከቆዳ ሥር ቢነጠፍ ሙቀት አላስወጣ ይለው ነበር፤ አንድ ቦታ በመከመሩ የቀረው አካሉ ይናፈሳል። «ስቡ ሲቃጠል ውሃ ይሆንለታል» የሚሉም አሉ። ስብ ለማቃጠል ግን አየር መሳብ ያስፈልጋል፤ በትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት ትርፉን ይበላዋል።

የግመል ጥበብ ውሃ ማጠራቀም ሳይሆን አለማባከን ነው። ሲጠማ ሽንቱ ይወፍራል፣ ፋንድያው ይደርቃል። የሰውነቱን ሙቀት ሌሊት ወደ 34 ዲግሪ ዝቅ፣ ቀን ወደ 40 ከፍ እያደረገ ላቡን ይቆጥባል። ሲንበረከክ ደረቱ ላይ ያለው ጠንካራ ቆዳ ሆዱን ከጋለው መሬት ከፍ ስለሚያደርገው በሥሩ ነፋስ ያልፋል። የክብደቱን ሩብ ያህል ውሃ አጥቶም ይቆማል፤ ሰው የዚያን ግማሽ ቢያጣ ይሞታል። ውሃ ሲያገኝ 100 ሊትር ያህል በደቂቃዎች ውስጥ ይጠጣል። እንዲህ በድንገት የሚገባ ውሃ የሌላውን እንስሳ የደም ሕዋስ ያፈነዳል፤ የግመል ቀይ የደም ሕዋስ ግን ሞላላ ስለሆነ እጅግ ቢነፋም አይፈነዳም።

100 ሊትር የሚጠጣ እንስሳ 100 ሊትር ጎድሎበት ነበር ማለት ነው። ዝም ብሎ መቻሉ አለመጠማቱ አይደለም። ስለዚህ ግመል ጭናችሁ ወደ አቃቂ የምትመጡ ሹፌሮችና ነጋዴዎች፣ ለእርድም ቢሆን የሚሄደው፣ መንገድ ላይ አቁሙና ውሃ አጠጡት።