ከጀልባው ኋላ ያሉት ሁለት ላሜራዎች

የሞተር ጀልባ የሚገዛ ሰው ሞተሩን አስነሥቶ ያዳምጣል፣ ወንበሩን ይዳስሳል፣ ዓሣ የሚያሳየውን ስክሪን አብርቶ ያያል። ወደ ኋላ ዞሮ ጎንበስ የሚለው ግን ጥቂት ነው። እዚያ፣ ከሞተሩ ግራና ቀኝ፣ በጀልባው የታችኛው ጠርዝ ላይ ሁለት የማይዝጉ ላሜራዎች በማጠፊያ ተይዘዋል። ትሪም ታብ ይባላሉ። ማዕበል ላይ የተሳፋሪን ወገብ ከሞተሩም ከወንበሩም ይልቅ የሚያድኑት እነሱ ናቸው።

አሠራራቸው ቀላል ነው። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከክንፉ ኋላ የሚታጠፈውን ክፍል በመስኮት ያየ ሰው ገብቶታል። ላሜራው ወደ ታች ሲታጠፍ ከጀልባው ሆድ ሥር የሚፈሰው ውሃ ይገፋዋል፤ ኋላው ይነሣል፣ አፍንጫው ይወርዳል። አንዱ ብቻ ከታጠፈ የሚነሣው በዚያ ጎን ያለው ኋላ ነው።

እኔ የማውቃቸው ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው። ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን አቋርጦ 320 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ ውሃ አማካይ ጥልቀቱ ከ6 ሜትር ብዙም አያልፍም። ጥልቀት የሌለው ውሃ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱን ወጥተው ሳይጨርሱ ሌላው ይደርሳል። ነፋሱ ከውሃው ፍሰት ጋር ፊት ለፊት ሲጋጠም ደግሞ ይብስበታል።

ጋሼ እያልኩ የማከብራቸው አንድ ወዳጄ ባለ 24 ጫማ ጀልባ አላቸው። አንድ የበጋ ከሰዓት ከምሥራቁ ዳርቻ ወደ አናፖሊስ ስንመለስ የደቡብ ነፋስ ከግራ ያዘን። ጀልባዋ ወደ ግራ፣ ወደ ነፋሱ ተጋደለች። እያንዳንዱ ማዕበል ግራ ጎኗን ሲመታ ድምፁ በመዶሻ ጣውላ እንደ መምታት ነበር። ጋሼ «ሰው ወደ ቀኝ ይቀመጥ!» አሉ። ተጠጋጋን፤ እምብዛም አልረዳም። ባሕር ዳር ሳድግ ታንኳ ሲጋደል ጭነቱን ወደ ሌላው ጎን ማዛወር ልማድ ነበርና እኔም ሌላ መላ አልታየኝም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ስሳሳት ኖሬአለሁ። ነፋስ ጀልባን የሚያጋድለው ራሱ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ ይመስላል። የሞተር ጀልባ ግን ብዙ ጊዜ የሚጋደለው ነፋሱ ወደመጣበት ነው። ነፋሱ ቀላሉን አፍንጫ ይገፋል፤ ነጂው መንገዱን እንዳይስት መሪውን ትንሽ ወደ ነፋሱ ይይዛል። ጀልባ ደግሞ ሲታጠፍ እንደ ብስክሌት ነጂ ወደሚታጠፍበት ጎን ይጋደላል። ስለዚህ ነፋስን ከጎን ይዞ ቀጥ ብሎ መሄድ ማለት ለጀልባው ሳያቋርጡ በጥቂቱ መታጠፍ ማለት ነው።

ጉዳቱ የሚገባው የጀልባውን ሆድ ያየ ሰው ነው። ሬይ ሃንት የነደፏት፣ ሞፒ የተባለችው የሪቻርድ በርትራም ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1960 ከማያሚ እስከ ናሶ የተደረገውን ውድድር ካሸነፈች ወዲህ በሻካራ ውሃ የሚሄዱ ጀልባዎች ሆዳቸው እንደ ተገለጠ መጽሐፍ ጀርባ ሹል ሆኖ ይሠራል። ሹሉ ማዕበሉን ይሰነጥቃል። የሆዱ ግድግዳ ከአግድም 20 ዲግሪ ያዘነበለ ነው እንበል። ጀልባው ወደ ነፋሱ 10 ዲግሪ ሲጋደል የዚያ ጎን ግድግዳ 10 ዲግሪ ብቻ ይቀረዋል፤ ጠፍጣፋ ሆነ ማለት ነው። ማዕበሉም የሚመጣው በዚያው ጎን ነው። ሹል ሆድ ገዝተን በጠፍጣፋው እንመታለን።

መድኃኒቱ በወረደው ጎን ያለውን ላሜራ ዝቅ ማድረግ ነው። ጋሼ ቁልፉን ሲነኩት ግን ባሰ። በብዙዎቹ ጀልባዎች የግራው ቁልፍ የቀኙን ላሜራ፣ የቀኙ ደግሞ የግራውን ያዛል። ነጂው ስለ ላሜራው ሳያስብ ዝቅ እንዲል የሚፈልገውን የአፍንጫ ጎን ብቻ እንዲጫን ታስቦ የተሻገረ ሽቦ ነው። የእሳቸውን የገጠመው ሰው ስህተት መስሎት አቃንቶታል። መመሪያውን ሳያነቡ ሽቦ ማቃናት ይቅር፤ ማዕበል መሐል ቤተሰብ ይዞ የሚከፈልበት ጥፋት ነው።

ሽቦው ከተስተካከለ በኋላም ላሜራዎቹ አነሱ። በየጎኑ 12 ኢንች ስፋትና 9 ኢንች ርዝመት ነበራቸው። የቆየው የሙያ ልክ ለእያንዳንዱ ጫማ የጀልባ ርዝመት በየጎኑ አንድ ኢንች ስፋት ስለሚል 24 ይገባት ነበር። በረጋ ውሃ ስትበር ትንሹም ይበቃል። ማዕበል ሲመጣ ግን ፍጥነት ይቀነሳል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የውሃው ግፊት ወደ ሩብ ይወርዳል። ያኔ ኋላው ይዘፈቃል፣ አፍንጫው ይሰቀላል፣ ነጂው ነዳጅ ይጨምራል፣ ጀልባው ዘሎ ይፈጠፈጣል። ሰፊ ላሜራ በዝግታም ኋላውን ያነሣል። ትንሹ ብዙ ታጥፎ የሚያነሣውን ሰፊው ጥቂት ታጥፎ ያነሣዋል፤ ብዙ የታጠፈ ላሜራ ደግሞ ፍሬን ነው። ስለዚህ የላሜራው ልክ የሚመረጠው በማዕበል ቀን ልንሄድበት የምንችለውን ዝቅተኛ ፍጥነት አስበን ነው። የጋሼ ጀልባ ላይ የጥልቀት መለኪያው ቦታ ስለያዘ በስፋት 18፣ በርዝመት 12 ኢንች የሆነውን አስገባን። ስፋት ሲታጣ ርዝመት ይጨመራል፤ ቦታ ካለ ግን ስፋቱ ይሻላል።

የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ከአምራቾቹ መካከል ቤኔት በሃይድሮሊኩ፣ ሌንኮ በኤሌክትሪኩ ይታወቃሉ። ሃይድሮሊኩ በአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይሠራል፣ ይታገሣል፤ ኤሌክትሪኩ ለመግጠም ይቀላል፣ ውሃ የገባበት ቀን ግን ያበቃለታል። የስዊድኑ ዚፕዌክ በላሜራ ፋንታ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወጣ ምላጭ ይጠቀማል፤ ፈጣን ነው፣ በራሱም ያስተካክላል። እኔ አሮጌ ጀልባ ላይ ጎንበስ ብዬ አይቼ በመፍቻ የምፈታውን እመርጣለሁ። የትኛውም ቢሆን ላሜራው የት እንደደረሰ የሚያሳይ መብራትና ሞተሩ ሲጠፋ በራሱ የሚሰበስብ መቆጣጠሪያ ይኑረው፤ ላሜራውን የሚገፋው ዘንግ ወጥቶ ካደረ ባለቅርፊት የባሕር ፍጥረታት ይጣበቁበታል።

ላሜራው ሲገጠም በትራፓኖ የሚበሳው እያንዳንዱ ቀዳዳ በባሕር ማስቲሽ ይሞላ። በብዙ አሮጌ ጀልባዎች የኋላው ግድግዳ ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው፤ በአንድ ያልተደፈነ የቪቴ ቀዳዳ የገባ ውሃ ሞተር የተሸከመውን እንጨት ያበሰብሳል። ከተገጠሙ በኋላም ጥንቃቄ አለ፤ ወደ ኋላ ከመንዳት በፊት ላሜራዎቹ ይሰብሰቡ።

ማዕበሉ ከኋላ ሲመጣ ደግሞ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ይነሡ። አፍንጫው ዝቅ ብሎ ከፊት ያለውን ማዕበል ከወጋ፣ ኋላውን የሚገፋው ውሃ ጀልባውን ወደ ጎን ያዞረዋል፤ ሊገለብጠውም ይችላል። ጋሼ አሁን ከሰላጤው ወደ ወንዝ አፍ ሲታጠፉ ማዕበሉ ከኋላቸው ይሆናልና፣ መሪውን ከማዞራቸው አስቀድሞ አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ነው፤ ሁለቱም መብራቶች ላይኛው ጫፍ እስኪደርሱ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ያዞራሉ።