መንግሥት የሀገሩን የእጅ ሥራ እንዴት እንደሚያቀና፤ የጃፓን ሐር ምሳሌ

የሀገር ባለ እጅ የሚበረታውም የሚደክመውም በራሱ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ መንግሥት በሚያወጣው ሥርዓትና ሹማምንት ሥርዓቱን በሚፈጽሙበት አኳኋን ጭምር ነው። ለዚህ ነገር የጃፓን ሐር መልካም ምስክር ስለ ሆነ ታሪኩን በአጭሩ እንገልጻለን። የጃፓንን ዓመቶች የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1859 የዮኮሃማ ወደብ ለውጭ ነጋዴ በተከፈተ ጊዜ የጃፓን ሐር እጅግ ተፈለገ። ነገር ግን ሕዝቡ ለገበያ ሲቸኩል ክሩ ወፍራምና ቀጭን እየተቀላቀለ ስለ ወጣ የውጭ ነጋዴዎች አጉረመረሙ። መንግሥቱም በባዕድ ዕቃ ላይ ቀረጥ ጨምሮ የሀገሩን ሥራ እንዳይጠብቅ በ1866 የተደረገው ውል ቀረጡን ከመቶ አምስት ገደማ ላይ አስሮት ነበር፤ በቀረጥ ረገድ ሙሉ ነጻነት ያገኘው በ1911 ነው። ስለዚህ የቀረውን መንገድ ያዘ፤ ይኸውም ማስተማር ነው።

በ1872 በቶሚዮካ ከተማ፣ በፈረንሳዊው በፖል ብሩና መሪነት፣ 300 የሐር መሳቢያ ያለው ፋብሪካ አቆመ። ከፈረንሳይ የመጡት መኪኖች ለጃፓን ሴቶች ቁመት እንዲስማሙ ሆነው የተሠሩ ነበሩ። ዋናው አሳብ ልጃገረዶች ከየአውራጃው መጥተው ሥራውን እንዲማሩ፣ ተመልሰውም የሀገራቸውን ሰው እንዲያስተምሩ ነበር።

ዳሩ ግን ልጁን የሚሰጥ አባት ታጣ። ፈረንጆቹ ቀይ የወይን ጠጅ ሲጠጡ ያየ ሕዝብ የሰው ደም ይጠጣሉ ብሎ ፈራ። የፋብሪካው ሹም ኦዳካ አትሱታዳ በቃል ከመምከር አልፎ የገዛ ልጁን ዩን አስቀድሞ አስገባ፤ ከዚያ በኋላ ሌሎችም ተከተሉ።

በሱዋ አውራጃ ያሉ ሰዎችም በ1875 በብረት ፈንታ እንጨት፣ በናስ ፈንታ ሸክላ አድርገው በጥቂት ገንዘብ የራሳቸውን መኪና ሠሩ። መንግሥቱ ፋብሪካውን በ1893 ለሚትሱይ ቤት ሸጠው። በ1909 ጃፓን ጥሬ ሐር ወደ ውጭ በመላክ ቻይናን አልፋ አንደኛ ሆነች። ነገር ግን የሠራተኞቹ ልጃገረዶች ድካም ብዙ ነበር፤ የሚጠብቃቸው የፋብሪካ ሕግ የወጣው በ1911 ሲሆን የጸናው በ1916 ነው። ይህ መዘግየት የሚያስነቅፍ ነው።

በሀገራችንም ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ። አዋጁ እጅግ የሚመሰገን ነበር፤ ንቀቱ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ቆየ፤ ትእዛዝ የሰውን አፍ ቢዘጋም ልቡን አይለውጥምና። የገበሬውን ማረሻ የሚያበጅ ቀጥቃጭ በተናቀበት አገር እርሻም አይቀናም። ስለዚህ ሕዝቡን ለእጅ ሥራ የሚመክር ሹምና ባለ መሬት ሁሉ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ፦ የገዛ ልጄን ከወናፉ አጠገብ አስቀምጣለሁን?